«ጉልበትና መዳፍ»ን የጻፈው ሰው

ዴልማር ቮይታስ መጽሐፍ ይጽፋል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ከጉርምስናው ጀምሮ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ወንዙ ዳር ባለው ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ ሲያለፋ ኖሮ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ከከተማው በስተደቡብ ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ጫማና ቦርሳ መጠገን ያዘ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ለእኛ፣ ቆዳ ለብሰን በክበብ ለምንሰበሰበው፣ ሰደርያ፣ ቀበቶ፣ የአንገት ማሰሪያና የውሻ ፊት ያለው ጭንብል ይሰፋል። ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ቡናማ ነው። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ሆዱ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ደብዳቤ እንኳ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም።

መጽሐፉን ያስጻፈው ንዴት ነው።

አንድ ሐምሌ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ከክበባችን አባላት የአንዱ እርሻ ላይ ሽርሽር ወጥተን ነበር። ቋሊማው ይጠበሳል፣ ቢራው በረዶ ውስጥ ተቀምጧል፣ ቡችሎቹ ሣሩ ላይ ኳስ ያባርራሉ። ቡችሎች የምንላቸው ጭንብልና የጉልበት መከላከያ አድርገው፣ በእጅና በጉልበታቸው እየሄዱ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሰው መሆንን የሚተዉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ነርስ አለ፣ የሒሳብ መምህር አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ አለ። ይጮኻሉ፣ ይታገላሉ፣ ይንከባለላሉ፤ አይናገሩም። የሚጠብቃቸውን ሰው አሳዳጊ እንለዋለን። ለሚያየው ያስቃል። ለሚያደርገው ግን ዕረፍት ነው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

በዚያን ቀን ሌላንድ የሚባል አውቶቡስ ነጂ ወፍራም ጭንብል አጥልቆ በፀሐይ ሲሮጥ ውሎ በጎኑ ወደቀ። እግሮቹን ዘርግቶ ቀረ። የሞተ ውሻ የሆነ መስሏቸው ሰዎቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ዴልማር ብቻ የሳህኑን ቋሊማ ጥሎ ሮጠ። የቆዳ ቢላውን ከቀበቶው መዝዞ የጭንብሉን ማሰሪያ ሲበጥሰው የሌላንድ ፊት እንደ ጉበት ጠቁሮ ነበር።

ሌላንድ ተረፈ። ግን ሙቀቱ ኩላሊቱን ጎዳው፤ ከዚያ በኋላ የአውቶቡስ መሪ አልያዘም።

በማግስቱ ዴልማር ቤቴ መጣ። እኔ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ፤ ቬልማ እባላለሁ፣ እሱ ቬል ይለኛል።

«ቬል፣ ስዕል ትችያለሽ አይደል?»

«የዳቦ ቤት ስም ነው የምጽፈው።»

«ውሻ ሳዪልኝ።»

«ምን ዓይነት ውሻ?»

«የሰው ጉልበት ያለው።»

እንዲህ ተጀመረ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እስላለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀመጥን። ስለ ጉልበት ሲናገር እንደ ወጌሻ ነበር፤ ስንት ዓይነት ወለል እንዳለ፣ የትኛው አንጓን እንደሚበላ፣ ሲሚንቶ ላይ ለምን መጫወት እንደማይገባ። ስለ ውሃ ጻፈ፣ ስለ ትንፋሽ ጻፈ፣ መናገር ያቆመ ሰው «በቃኝ» ለማለት በየትኛው እጁ ወለሉን እንደሚመታ ጻፈ። ከሁሉ ይልቅ ግን የከበደው ስለ ስምምነት የሚለው ምዕራፍ ነበር። ደጋግሞ አስፍቆኛል። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ጭንብል ከጠለቀ በኋላ የሚሰጥ እሺታ እሺታ አይደለም። አእምሮው ሙሉ ሳለ፣ በገዛ አፉ ያልፈቀደውን ነገር አታድርጉበት። ይህን የማይጠብቅ አሳዳጊ አሳዳጊ አይባል።»

«በጣም አልጠነከረም?» አልኩት።

«ይጠንክር። ሌላንድን አላየሽም?»

መጽሐፉን «ጉልበትና መዳፍ» አልነው። አንድ ትንሽ አሳታሚ አተመው። ከዚያ በፊት ቡችሎቹ የሚያውቁትን ሁሉ የሚያውቁት ከወሬ ነበርና፣ መጽሐፉ ከገመትነው በላይ ሄደ። ዴልማርን ከከተማ ከተማ ይጠሩት ጀመር። በሆቴል አዳራሽ፣ በታጠፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሚጠብቁት ሰዎች የጉልበት መከላከያ በእጁ ይዞ ያስተምራል። የማይወዱትም ነበሩ። ክበባችን በሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ውስጥ ግሮቨር የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ መርከበኛ የነበረ፣ ከጫማ እስከ ኮፍያ ጥቁር ቆዳ የሚለብስ።

«እኔ በወጣትነቴ» አለ አንድ ቀን ጮክ ብሎ፣ «እዚህ ባር ለመግባት ሰው መምሰል ይበቃ ነበር!»

«አንተ እኮ ያኔም አልመሰልክም» አለው ዴልማር።

ግሮቨር ራሱ ሳቀ። ቢራም ጋበዘው።

ኦሪን ሊንድክቪስት የመጣው ከነዚህ ትምህርቶች በአንዱ ነው። ከኔብራስካ ግዛት ነው የመጣ፤ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ጨረታ ላይ አጫራች ነበር። ምላሱን ሰምቶ የማያደንቅ የለም። ቁጥሩን እንደ ዘፈን ያፈሰዋል፣ መተንፈሱን አታዩም። መጠጥ ቤት ሲመጣ የሰው ቢራ አንሥቶ ያጫርታል፦ «ይቺ ቀዝቃዛ፣ ይቺ ወርቃማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀመሰች፣ ማነው የሚጀምር፣ ማነው፣ ማነው!» ባለቢራው ሳይቀር ዋጋ ይሰጣል። ቀጭን፣ ጠቃጠቆ የሞላው፣ ጆሮው ትንሽ የወጣ ሰው ነበር።

ያ ሰው ጭንብሉን ሲያጠልቅ ድምፁ ይጠፋል። ሌሎቹ ቡችሎች ይጮኻሉ፣ ያጉረመርማሉ፤ ኦሪን ምንም። ምንጣፉ ላይ ይተኛና ራሱን ዴልማር ጫማ ላይ ያሳርፋል፤ በቃ። ዴልማር የቡችላ ስም ሲያወጣለት «ጭጭ» አለው።

አንድ ጊዜ ምን እንደሚያገኝበት ጠየቅኩት።

«ሳምንቱን ሙሉ ሰው አፌን ነው የሚያየው» አለኝ። «ምን ሊል ነው፣ ስንት ሊል ነው። እዚህ ማንም ምንም አይጠብቅብኝም። ጆሮዬን ያክኩልኛል፣ አለቀ። አንቺ እንዲህ ያለ ቦታ አለሽ?»

የለኝም አልኩት።

«እንግዲያው ታሳዝኚኛለሽ» ብሎ ቢራዬን አንሥቶ ያጫርት ጀመር።

አብረው መኖር ጀመሩ። ከሱቁ በላይ ባለው ቤት፣ ያለ ብዙ ግርግር። የሰፈሩ ሰዎች ጫማ ሰፊውና ጓደኛው ይሏቸዋል። ኦሪን ምግብ ያበስላል፣ እያበሰለ ያወራል፤ ዴልማር ሽንኩርት እየላጠ ይሰማል። ወረቀት ተፈራረሙ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲወስንለት ውክልና ተሰጣጡ ብዬ ሁለቱንም ነዝንዣለሁ። በዚያን ጊዜ በእኛ ግዛት ሁለት ወንዶች መጋባት አይችሉም ነበር፤ በሕግ ፊት አንዱ ለሌላው ምኑም አይደለም። ኦሪን ይቀልዳል፦ «ቬልዬ፣ እኔ ስንት የመኪና ወረቀት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት አላምንም።» ዴልማርም ነገ፣ ከነገ ወዲያ ይላል። ሁለቱም ገና ነን ብለው ነው። ኦሪን ሃምሳዎቹን ገና መጀመሩ ነበር።

በሽታው በሥራ ቦታ ታየ። አንዲት ቀይ መኪና ወደ መድረኩ ቀርባ፣ ኦሪን አፉን ከፈተና «መኪና» የሚለው ቃል ጠፋበት። ሰዎቹ ሆን ብሎ የቀለደ መሰላቸው። እሱም ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት «በር» ጠፋበት። ከዚያ «ሹካ»። ከዚያ የእኔ ስም፤ «ያቺ… የምትጽፈው» ይለኛል። የአንጎል ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ ንግግር የሚቀመጥበት ክፍል እየሟሸሸ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ በኋላም ሌላው ክፍል እንደሚከተል ነገራቸው። ያን ጊዜ ሮጠው ውክልናውን ተፈራረሙ። ግን ዘግይቶ ነበር፣ ፊርማው አይጸናም፤ ሐኪሙ ከሳምንታት በፊት በመዝገቡ ላይ «የሚነበብለትን በሚገባ አይረዳም» ብሎ ጽፎ ነበርና።

ቃሉ ሁሉ ሲሄድ የጨረታው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ አብሮት ቆየ። ውሃ ሲጠማው «ውሃ» ማለት አይችልም። ወጥ ቤቱ መሐል ይቆምና በዚያ ባማረ ድምፁ «ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ማን አለ ሠላሳ፣ ማን አለ» ይላል። ዴልማር ብርጭቆ ይሞላለታል። ሲርበውም፣ ሽንት ቤት ሲፈልግም፣ ሲፈራም ያው ቁጥር ነው። ዴልማር ከዜማው ይለያቸዋል። ሲፈራ ይፈጥናል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ይዤላቸው ስሄድ ኦሪን እየፈጠነ ነበር። ፊቱ ላብ አለው፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ዴልማር እየተከተለ «ምንድነው የኔ ልጅ? ምን ፈለግህ?» ይለዋል። በድንገት ኦሪን ቆመ። ቀስ ብሎ በጉልበቱ ወረደ፣ በእጁ ወረደ፣ ራሱን ዴልማር ጫማ ላይ አደረገ። ቁጥሩ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ዴልማር እንደ ግንድ ደርቆ ቀረ።

«ተቀመጥ እንጂ» አልኩት። «እንደ ድሮው ጆሮውን እከክለት።»

«ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ቬል።»

«አውቃለሁ።»

«ፈቅዶ አይደለም። ምን እንደሚያደርግ እንኳ ላያውቅ ይችላል። መጽሐፉ…»

«መጽሐፉን የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ለዚያ ነው እኮ የማልችለው!»

ቢሆንም ተቀመጠ። ኦሪን እዚያው ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ለብዙ ቀን አልተኛም ነበር።

ከዚያ በኋላ ኦሪን መሳቢያውን ከፍቶ በጨዋታው ጊዜ ያደርገው የነበረውን የአንገት ማሰሪያ አወጣ። ይህን አላየሁም፤ ዴልማር ነው የነገረኝ። አምጥቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ዴልማር መልሶ መሳቢያው ውስጥ ይከተዋል። እንደገና ያመጣል፤ እንደገና ይመልሰዋል። በመጨረሻ ኦሪን ማሰሪያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ አለቀሰ። ዴልማር አሰረለት። ከዚያ ወዲህ ኦሪን ቀኑን የሚያሳልፈው መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሆነ። ይበላል፣ ይተኛል። አንድ ቀን ሲያየኝ ጭራ እንዳለው ሁሉ ዳሌውን ወዘወዘ፤ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እህቱ ማርዴል የመጣችው በመስከረም ነው። እናታቸው ስትሞት ኦሪንን ያሳደገችው እሷ ናት። በስልክ ድምፁን መስማት ሲያቅታት መኪናዋን አስነሥታ ከኔብራስካ መጣች። ስለ ዴልማር የምታውቀው ቤት የተጋራው ሰው መሆኑን ብቻ ነው። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ፤ ዴልማር ሾርባ እያሞቀ ነበር።

ማርዴል ወንድሟን ምንጣፉ ላይ አየችው።

«ምንድነው አንገቱ ላይ ያለው?»

«የሱ ነው» አለ ዴልማር።

«የውሻ ነው!»

«አዎ። የውሻ ነው። የሱም ነው።»

ቦርሳዋን ጣለች። አጠገቡ ተንበርክካ «ኦሪዬ፣ እኔ ነኝ፣ ማርዴል ነኝ» አለች። ኦሪን አያት። ሳያውቃት አልቀረም መሰለኝ፤ ፊቱ በራ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጫማዋ ላይ አሳረፈ። እሳት እንደነካት ሁሉ እግሯን ነጠቀችው፤ ራሱ ወለሉን መታ።

«ምን አድርገኸው ነው?» አለችው ዴልማርን። አልጮኸችም። «ወንድሜን ምን አድርገኸው ነው?»

«ሴትዮ፣ ቁጭ በይና ላስረዳሽ…»

«እንዳትነካኝ።»

ዴልማር ሊያስረዳት ብዙ ሞከረ፤ ቃል የእሱ ሥራ አልነበረም። እኔም ገብቼ ተናገርኩ። የተናገርነው ሁሉ በእሷ ጆሮ ሲገባ እየከፋ ሄደ። ማርዴል ክፉ ሴት ነበረች ብዬ መናገር ቢቀለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሟ ታሞ፣ አፉ ተይዞ፣ የማታውቀው ሰው ቤት ወለል ላይ በማሰሪያ አገኘችው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ሞግዚትነት ጠይቃ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ጠበቃዋ መጽሐፉን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ጀርባው ላይ የዴልማር ፎቶ አለ። ችሎቱ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ተሰየመ። ዴልማር ለቀብር የገዛትን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥፍሩን በብሩሽ ፈትጎ መጣ። ጠበቃው ስዕሎቼን ሳይቀር ለዳኛዋ አሳየ፤ ከዚያ ወደ ዴልማር ዞረ።

«አቶ ቮይታስ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ላንብብልዎ። ‹አእምሮው ሙሉ ሳለ፣ በገዛ አፉ ያልፈቀደውን ነገር አታድርጉበት። ይህን የማይጠብቅ አሳዳጊ አሳዳጊ አይባል።› የእርስዎ ቃል ነው?»

«የኔ ነው።»

«አሁንም ያምኑበታል?»

«አምንበታለሁ።»

«አቶ ሊንድክቪስት፣ እርስዎ ማሰሪያውን ባሰሩለት ቀን፣ አእምሮው ሙሉ ነበር?»

የእኛ ጠበቃ አስቀድሞ መክሮት ነበር። «ፍላጎቱን በራሱ መንገድ ያሳይ ነበር በል፤ ማሰሪያውን ራሱ እንዳመጣ ተናገር፤ ሌላ አትጨምር» ብሎታል።

«ማሰሪያውን ያመጣው እሱ ነው» አለ ዴልማር።

«ጥያቄዬ እሱ አይደለም። በሚገባ መፍቀድ ይችል ነበር?»

«አይችልም።»

«ይቅርታ፣ አልተሰማኝም።»

«አይችልም ነበር» አለ ዴልማር፣ ጮክ ብሎ።

የእኛ ጠበቃ ብዕሩን አስቀመጠ።

ዳኛዋ አላመናጨቀችውም። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ልስላሴው ምንም አልጠቀመንም። ሞግዚትነቱን ለእህቱ ሰጠች። ዴልማር መጎብኘት የሚችለው ማርዴል ስትፈቅድ ብቻ ሆነ።

ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ ጮኽኩበት። «እንዴት እንዲህ ትላለህ? አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትቀይር ምን ነበረበት?»

«ምን ልበል?» አለ። «መፍቀድ ይችል ነበር ልበል? ነገ አንዱ ቂል የታመመ ሰው አንገት ላይ ማሰሪያ አስሮ ‹ዴልማር ቮይታስ በመሐላ ተናግሯል› ይበል?»

«እና ኦሪን ይሂድ?»

መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ግን አላስገባም። ዝናቡ መስታወቱን እያጠበው ብዙ ቆየን።

ኦሪንን በማግስቱ ወሰዱት። ማሰሪያው ቤት ቀረ። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ቁጥር ሲቆጥር ይሰማ ነበር፤ እየፈጠነ።

ያን ክረምት ዴልማር ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። ሰዎች የሰጡትን ጫማ ሳይጠገን መልሰው ይወስዳሉ። ለማርዴል ደጋግሞ ይደውላል፤ አንዳንዴ ታነሣለች፣ ብዙ ጊዜ አታነሣም። በኋላ፣ ስለሰለቻት ይሁን ስላዘነችለት እንጃ፣ አንድ ጊዜ እንዲመጣ ፈቀደች፤ እሷ ባለችበት፣ ለጥቂት ሰዓት። እኔ ነዳሁለት። እስከ ኔብራስካ የአዮዋን ግዛት ሙሉ በበረዶ ውስጥ አለፍን።

ኦሪን ያለበት ቤት አዲስ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ንጹሕ፣ ሙቅ፣ ወለሉ የሚያበራ። ኦሪን መስኮት አጠገብ ትልቅ ወንበር ላይ ነበር። በጣም ከስቷል። በወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ አለ፤ ከወንበሩ ጋር ታስሯል። ማርዴል ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ቆማለች።

«ለምን ታሰረ?» አለ ዴልማር።

ነርሷ መለሰች፦ «ዝም ብሎ ይወድቅብናል። አሥር ጊዜ ብናነሣው አሥር ጊዜ ወለሉ ላይ ነው የምናገኘው። አጥንቱን እንዳይሰብር ነው።»

«እየወደቀ አይደለም» አለ ዴልማር። «እየወረደ ነው።»

«ምን?»

«ሲጨንቀው መሬት ይፈልጋል። ራሱ ነው የሚወርደው፤ ይችልበታል፣ አይጎዳም። ፍራሽ አንጥፉለትና ተዉት። ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሌላ ምንም አይፈልግም።»

ነርሷ ማርዴልን አየች። ማርዴል ዴልማርን አየች።

«ይሄ ከመጽሐፉ ነው?» አለችው።

«አይደለም። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

ኦሪን ዴልማርን ሲያይ ወደ ፊት ተገፋ፤ ቀበቶው ያዘው። እንደገና ተገፋ። ቁጥሩ እንኳ ጠፍቶበታል፤ ከአፉ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ዴልማር ኮፍያውን አወለቀ። ጉልበቶቹ በዚያን ጊዜ በጣም ያሙት ነበር፤ በትር ይዞ ነበር የሚሄድ። የወንበሩን እጀታ ይዞ፣ እያቃሰተ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወለሉ ላይ ወረደ። ራሱን ኦሪን ነጠላ ጫማ ላይ አደረገ።

የኦሪን እጅ ተነሣ። ጆሮውን ሊያክክለት ነው ብዬ ነበር። እጁ ግን ወደ ቀበቶው ሄደ፤ ዘለበቱን እየጎተተ፣ እየጎተተ ሰዓቱ አለቀ።

ዴልማርን ያነሣነው እኔና ማርዴል ነን፤ አንድ ብብቱን እኔ፣ አንዱን እሷ። በሩ ድረስ ሸኘችን። ከሳምንት በኋላ ራሷ ደወለች።

«ስለ ፍራሹ ጠይቄአቸው ነበር» አለችው። «ደንባችን አይፈቅድም አሉኝ። ሰው ወለል ላይ ከተገኘ እንደ ውድቀት ነው የሚጻፈው አሉኝ።»

«ቤትሽ ውሰጂዋ።»

«ላነሣው አልችልም፣ ዴልማር። ሞክሬአለሁ። አልቻልኩም።»

በስሙ የጠራችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ደግ ሴት ናት» አለኝ። ደግነቷ ግን ቀበቶውን አልፈታውም።

ኦሪን በመጋቢት በሳንባ ምች ሞተ። የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ነው። የትውልድ ከተማው ጋዜጣ ላይ የወጣውን የሐዘን ማስታወቂያ ግሮቨር ፈልጎ አገኘልን። አጫራችነቱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እህቱና የእህቱ ልጆች አሉ። ዴልማር የለም። ሚልዋኪም የለችም። ግሮቨር አንብቦ ሲጨርስ ጋዜጣውን አጣጥፎ «የሰው ዕድሜ ግማሹን ቆርጠው ጣሉት» አለ።

አሳታሚው አዲስ እትም ይፈልግ ነበር። ዴልማር አንድ ምዕራፍ ለመጨመር ሞከረ፤ ያው የኔ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ቡችላው ወደ ሰው መሆን የማይመለስ ከሆነ አሳዳጊው ምን ያደርጋል የሚል ነበር ምዕራፉ። «ጻፊ» ይለኛል፤ ብዕሩን አነሣለሁ፤ ዝም ይላል። ቀኑ ይመሻል።

«ስለ እሺታ የሚለውን መስመር ላላ እናድርገው?» አልኩት አንድ ቀን።

«አይሆንም። መስመሩ ልክ ነው።»

«ልክ ከሆነ አንተ አጥፍተሃል ማለት ነው?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ባታስርለትስ?»

«ያም ጥፋት ነበር» አለ። ኮቱን አንሥቶ ሄደ። ለአሳታሚው መጽሐፉ እንደገና እንዳይታተም ነገረው። ሰዎች ግን እየገለበጡ ይቀባበሉታል፤ አሁን በየስልኩ አለ። ስዕሎቼ ደብዝዘው፣ የዴልማር ስም አንዳንዱ ላይ ተቆርጦ።

ሱቁን ሸጠ። አሁን ከከተማችን ሐይቅ ራቅ ብሎ ለሽማግሌዎች በተሠራ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችው። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ስለ አየር ጠባይ እናወራለን፣ ስለ ጉልበቱ እናወራለን። ስለ ኦሪን ካነሣሁ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ተውኩት። የቆዳ ሽታ አይፈልግም፤ ሰደርያዬን መኪና ውስጥ ትቼ ነው የምገባው።

ባለፈው ዓመት የቡችሎቹ ማኅበር ሊያከብረው ጠራው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ በ«ጉልበትና መዳፍ» የተማሩ፣ ዴልማርን በአካል አይተውት የማያውቁ። አልሄድም አለ። እኔ ወክዬው ቆምኩ። ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ሙሉ በጭብጨባ ፈንታ ወለሉን በመዳፉ መታ፤ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ስሙ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ሰጡኝ፤ ከባድና የሚያምር ነገር ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ይዤለት ሄድኩ። ጨርቁን ገልጦ አየው፤ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

«ቅርጹ ጥሩ ነው» አለ።

«ውሰደው እንጂ፣ ያንተ ነው።»

«የት አደርገዋለሁ?»

እውነቱን ነው። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ወንበርና ቴሌቪዥን ነው ያለው፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ደግሞ በሕንፃው ክልክል ነው። ጨርቁን መልሼ አለበስኩትና መኪናዬ ውስጥ ከኋላው ወንበር ሥር አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።